ከደም ቅዳዬ ካልሆነ አልሰጥም

ጎረቤቴ ሃሩን ከማንጎ ዛፍ የወደቀው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን የምናገረው ጸጸት አንገብግቦኝ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ብደብቀውም ስለማይጠቅመኝ ነው። አልገፋሁትም። እሱ ሲወድቅ እኔ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር፤ ያውም ከሁለት ወር በፊት የወጣ ጋዜጣ። ሃሩንን የገፋው ሳህን ነው።

ስለ ሳህኑ ልንገራችሁ። አሶሳ፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት የላከበትን ዕቃ አጥቦ ባዶውን የመለሰ ሰው “ሁለተኛ እንዳትልኩብኝ” ብሎ በደብዳቤ እንደጻፈ ይቆጠራል። በእኔና በሃሩን ግቢ መካከል ደግሞ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ አንድ የብረት ሳህን አለ። መጀመሪያ የማን እንደነበረ ሁለታችንም ረስተነዋል። ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት ማንጎ ሞልቶ ከእነሱ ቤት መጣ፤ ባለቤቴ ትርንጎ የበቆሎ እሸት ሞልታ መለሰችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳህኑ አርፎ አያውቅም።

ልባሞች ብንሆን ኖሮ ነገሩ እሸትና ማንጎ ሆኖ ይቀጥል ነበር። ግን እኔ በልጅነቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቼ እዚሁ ያደግሁ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያስተማርኩ፣ እጄ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ ያነበብኩ፣ በስጦታ መሸነፍ ደግ ነው የሚል ገጽ ግን አንድም ቀን ያላጋጠመኝ ሰው ነኝ። ሃሩን ደግሞ የበርታ ሰው ነው፤ አባቱም አያቱም በዚሁ መሬት ላይ እንግዳ ሲያበሉ የኖሩ ናቸው። እኔን እስከ ዛሬ ድረስ እንደ እንግዳ ነው የሚያየኝ። አርባ ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆኖ መኖር ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። እሱ ጨመር ሲያደርግ እኔ ጨመር አደርጋለሁ፤ እኔ ሳሻሽል እሱ ያሻሽላል። ባለፈው ሚያዝያ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከካማሺ፣ መኪናው ሁለት ቀን በጭቃ ተይዞ፣ ነጭ ማር አመጣልኝ። ግማሹን በሳህኑ አድርጌ ላክሁ። ስልክ ሳልመታ፣ ቃል ሳልናገር፣ አሸነፍኩ ብዬ ተኛሁ።

ሳህኑ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ሃሩን ሃምሳ አምስት ዓመቱን ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ።

ከዛፉ ሥር ማንጎ አልነበረም እንዳትሉ። በዚያ ወቅት አሶሳ ውስጥ የወደቀ ማንጎ መሬቱን ምንጣፍ ያደርገዋል፤ ፍየል እንኳ አሽትታ ትተወዋለች። ሃሩን ግን የወደቀ ማንጎ ልኮልኝ አያውቅም። ባለቤቱ ሀዋ እንደነገረችኝ፣ ጫፍ ላይ ያሉትን፣ ፀሐይ የሳማቸውን፣ ሦስት ማንጎዎች እያየ “የማሩ እኩያ እነዛ ናቸው” ብሎ ነው የወጣው። ቅርንጫፉ የእሱን ሐሳብ አልተጋራም። ሃሩን ከነማንጎው ሳህኑ ላይ ወደቀ፤ ሳህኑ ጎበጠ፣ የሃሩን የጭን አጥንት ተሰበረ።

ሆስፒታል ስደርስ ዘመድ በሩን ሞልቶታል። ቀዶ ሕክምናው ለነገ ጠዋት ተይዟል፤ የሚጠበቀው ደም ነው። ሲስተር ጫልቱ የምትባል፣ የባምባሲ ልጅ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ሁሉን ጸጥ የምታሰኝ ነርስ ወጥታ ተናገረች።

“የአባ ሃሩን ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው። እሱ ከሌላ ዓይነት አይቀበልም። አንድ ከረጢት አለን፤ ቢያንስ አንድ ይጨመር። ወንድሞቹን መርምረናል፣ አልገጠሙም። አንድ የሚገጥም ሰው ካማሺ አለ ተብሏል፤ መንገዱን ግን ታውቁታላችሁ።”

ሁሉም መሬት መሬት አየ። የካማሺን መንገድ በዝናብ የሚያውቅ ሰው ሌላ የሚያየው ነገር የለውም።

እኔ ከኪሴ መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ። መኪና የለኝም። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ሰው ሁሉ “መኪና ሳይኖርህ ምን ያደርግልሃል?” ስላለኝ ነው። የደም ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ ኦ ኔጌቲቭ ተብሎ ተጽፏል።

“እኔ እሰጣለሁ” አልኩ። ያልኩበትን ድምፅ አሁን ሳስታውሰው አፍራለሁ፤ አደባባይ ላይ ሐውልት የሚመርቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ሀዋ ሁለት እጄን ያዘች። ሲስተር ጫልቱ ሚዛን ላይ አቆመችኝ፤ ጣቴን ወግታ አንዲት ጠብታ መረመረች፤ ግፊቴን ለካች። “ይሆናል። አሁን ቤት ይሂዱ መምህር። ምሳ በደንብ ይብሉ፣ ብዙ ውሃ ይጠጡ፣ ስምንት ሰዓት ይምጡ” አለችኝ።

ሦስት ትእዛዝ ነው። ብላ፣ ጠጣ፣ ና። የስድስት ዓመት ሕፃን አያሳስተውም። ችግሩ ያነበበ ሰው ትእዛዝ ብቻ አይበቃውም፤ ምክንያቱን ካላወቀ ይታመማል። ቤት እንደገባሁ ከመደርደሪያዬ አሮጌውን የባዮሎጂ መጽሐፍ አወረድኩ።

መጽሐፉ ቀላል ነገር ነው የሚለው። ከልብ ወጥቶ ወደ አካል የሚሄደው ቧንቧ ደም ቅዳ ይባላል፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ደሙ ቀይና አየር የጠገበ ነው። ከአካል ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መልስ ይባላል፤ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ደሙ አየሩን አራግፎ የአካልን ቆሻሻ አየር የተሸከመ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዓረፍተ ነገር ግን ከወንበሬ አስነሳኝ፦ ለምርመራም ሆነ ለልገሳ ደም የሚቀዳው ከደም መልስ ነው።

ደግሜ አነበብኩት። መነጽሬን ወልውዬ ሦስተኛ አነበብኩት።

“ትርንጎ!” አልኩ። “እጣቢ ሊያሰጡኝ ነው!”

“ምሳህ ቀዘቀዘ” አለች ትርንጎ።

“ሃሩን የወደቀ ማንጎ ልኮልኝ ያውቃል? ለእኔ ብሎ ጫፍ ወጥቶ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ነው! እኔ እግሬንና ኩላሊቴን አጥቦ የተመለሰ ደም ልስጠው?”

“ሲስተሯ ብላ አላለችህም?”

“ሲስተሯ ከየትኛው ቧንቧ እንደምትቀዳ አልነገረችኝም!”

ትርንጎ ምሳውን ከፊቴ አነሳችው። “ሰውዬው ደም ነው የጠየቀህ፤ አንተ የሰርግ ጠላ መረጣ ይዘሃል” አለችና ወደ ጓዳ ገባች። መልስ ነበረኝ፤ ግን ሰዓቱ ሄዷል። መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ውሃውንም ረሳሁት።

ሲስተር ጫልቱ ጋደም እንድልና ግራ እጅጌዬን እንድሰበስብ ነገረችኝ። “በልተዋል?” አለች። “በልቻለሁ” አልኩ። ጠዋት በልቼ ነበርና ውሸት አይደለም። ሀዋ እንደ ዘመድ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

“ሲስተር፣ አንድ ነገር ላስታውቅሽ” አልኩ። “ከደም ቅዳዬ ካልሆነ አልሰጥም።”

ጫልቱ የጎማ ማሰሪያውን እንደያዘች ቆመች። “ምን አሉ?”

ገጹን ገልጬ ሰጠኋት። አላነበበችውም፤ እኔን ነው ያነበበችኝ።

“መምህር፣ ደም ቅዳ ጥልቅ ነው። ግፊቱ ኃይለኛ ነው። ወጋ አድርጌው በቀላሉ አይቆምልኝም። እርስዎ ላይ ችግር ይመጣል።”

“ለጎረቤቴ ነው። ይምጣ!”

“ያ ራቢ! ለሁለት ሰው የሚሆን ኦ ኔጌቲቭ ከየት ላመጣ ነው?”

ይህች ነገር ትንሽ አራደችኝ፤ ነገር ግን ክርክር ጀምሬ በመጀመሪያው ጥይት የወደቅሁበት ጊዜ የለም። እሷም ገባት መሰለኝ፣ ማሰሪያውን አስቀምጣ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

“ከባምባሲ ዕቃ የጫነ መኪና በምን በኩል ይገባል?”

“በአስፋልቱ።”

“አስፋልቱ ደም ቅዳ ነው ይበሉ። ሰፊ ነው፣ ፍጥነት አለው። ከዚያ ወደ ድንጋይ ንጣፉ መንገድ ይታጠፋል፤ ይሄ ቀጠን ያለው ደም ቅዳ ነው። ከዚያስ?”

“ከዚያ ወደ እኛ ሰፈር መግቢያ።”

“እሷ መንገድ ምን ያስገባል?”

“ምንም። ባጃጅ እንኳ አይገባም፤ ሰው ራሱ አንድ በአንድ ነው የሚያልፈው።”

“ካፒላሪ እሷ ናት። ከፀጉር ትቀጥናለች፤ የደም ሕዋስ አንድ በአንድ ተሰልፎ ነው የሚያልፍባት። ዕቃው የሚራገፈው እዚያ ብቻ ነው፤ በየቤቱ በር። ቆሻሻውም የሚነሳው እዚያ ነው። ከዚያ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ከቀጭኑ ወደ ሰፊው፣ ከሰፊው ወደ ትልቁ፣ እስከ ልብ። ይሄ ደም መልስ ነው። ልብ በቀኝ ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልከዋል፤ ሳንባ አየር ሞልቶ በግራ ይመልሰዋል፤ ግራው ደግሞ ይገፋዋል። ዙሪያ ነው መምህር፤ መጨረሻ ጣቢያ የለውም።”

“ስለዚህ አንቺ ልትወስጂ ያሰብሽው የቆሻሻ መኪናውን ነው!”

“መኪናው ያው አንዱ መኪና ነው!”

“መጽሐፉ ግን ደም ቅዳ ንጹሕ ደም ይሸከማል ይላል። ተጽፏል!”

“ገጹን ይግለጡት” አለች።

ገለጥኩት። ቀጣዩ ገጽ “ወደ ሳንባ ከሚሄደው ደም ቅዳ በቀር” ብሎ ይጀምራል። ያኛው፣ ደም ቅዳ ሆኖ ሳለ፣ ያገለገለ ደም ነው የሚሸከመው፤ ከሳንባ የሚመለሰው ደግሞ፣ ደም መልስ ሆኖ ሳለ፣ ንጹሑን ይሸከማል። ስሙ የተሰጠው በጭነቱ ሳይሆን ከልብ በመውጣቱና ወደ ልብ በመግባቱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እኔ ከሕግ ይልቅ ከሕግ የወጣውን የምወድ ሰው ነኝ። አንድ ቧንቧ መላውን መጽሐፍ ተቃውሞ ሲቆም ማየት አንጀቴን አራሰው። ደስታዬ ጋብ ሲል ነው የተቃወመው እኔን መሆኑ የገባኝ።

አፌን እንደገና ከፈትሁ። ሀዋ ከበርጩማዋ ላይ፣ ሳትቆጣ፣ በቀስታ ተናገረች።

“ኡስታዝ፣ ሃሩን እግሩ ያመዋል። አንተ መጽሐፍ ታነባለህ።”

መጽሐፉን ዘጋሁ። ክንዴን ዘረጋሁ።

አሁን ደግሞ ደም ሥሬ ጠፋ። ጫልቱ ማሰሪያውን አጠበቀች፣ በጣቷ ዳበሰች፣ ክንዴን መታ መታ አደረገች። አንድ ቦታ ላይ ብቅ ያለ መሰላት፤ መርፌው ሲገባ ሸርተት ብሎ ሸሸ። ምንም አልመጣም። መርፌውን ነቅላ በጥጥ ያዘችልኝና ትክ ብላ አየችኝ።

“ምሳ ምን በሉ?”

“ምሳ ሰዓት ላይ…” አልኩ፣ “…አንብቤያለሁ።”

“ውሃስ?”

መጽሐፉን ከትራሱ ሥር ገፋሁት።

“ደም መልስ ቀጭን ግድግዳ ነው ያለው። ውሃ ከሌለ ተጣብቆ ይተኛል። ስሙኝ መምህር፤ ቀኝ ክንድዎ ቀርቷል። እሱም እምቢ ካለ ዛሬ ሁለተኛ አልወጋዎትም። የካማሺውን ሰው እንጠብቃለን፤ የነገው ቀዶ ሕክምናም ይገፋል። ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይንቀሳቀሱ። አንድ ሰዓት ሰጥቼዎታለሁ።”

በሕይወቴ ብዙ ፈተና ፈትኛለሁ እንጂ እንዲህ ተፈትኜ አላውቅም። ሀዋ ለሃሩን ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ሳላኝክ ዋጥሁት። ሁለት ሊትር ውሃ በጀሪካን ክዳን እየቀዳሁ ጠጣሁ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወጥቼ በከባዱ ፀሐይ ሁለት ክንዴን እንደ ወፍጮ እያሽከረከርኩ መመላለስ ጀመርኩ። ክራቫቴን አልፈታሁም፤ ጊዜ አልነበረኝም።

ዘበኛው መጣ። “መምህር፣ ስፖርት ጀመሩ?”

“ደም ሥሬን እየፈለግሁ ነው።”

“ከየት ጠፋብዎት?”

“ከክንዴ።”

አሰብ አደረገ። “እጅዎትን ወደ ታች አንጠልጥለው ይሂዱ። ሽቅብ ሲያደርጉት እኮ ወደ ኋላ ይሄድብዎታል።”

ሌላ ቀን ቢሆን እከራከረው ነበር። በዚያ ቀን ግን አንጠለጠልኩት። የሃሩን ወንድሞች መጥተው አንዱ ሙቅ ውሃ የነከረ ጨርቅ ጠቀለለልኝ፤ ሌላው ትከሻዬን አሸ፤ ሦስተኛው ዱዓ አደረገልኝ። ወረፋ ላይ የነበሩ አንድ የፓዌ ሰውዬ ለአጃቢያቸው “እኚህ ሰውዬ ደግሞ ምን ሆነው ነው?” ሲሉ ሰማሁ። “ደም ሊሰጡ ነው” ተባሉ። “ይህን ያህል ከተቸገሩ ቢሰጣቸው አይሻልም?” አሉ። አልቆምኩም። ሠላሳ አምስተኛውን ዙር ስጨርስ እጄ ላይ ያለው ሥር እንደ ማንጎ ሥር ተነስቶ ነበር።

ጫልቱ ቀኝ ክንዴን አስራ “የሚጨብጡት ነገር ይያዙ” አለችና መሳቢያዋን ስትፈልግ፣ ሀዋ ከዘንቢሏ ማንጎ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። ቀስ ብዬ ጨበጥኩ። ሥሩ ሙሉ ሆኖ ወጣ። መርፌው ገባ። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ደም ሲወርድ አየሁት።

“መጣ! ጨበጥ፣ ለቀቅ ያድርጉ።”

ጨበጥ አደረግሁ። ከልክ በላይ ቆርጬ ተነስቼ ነበርና ያን ሁሉ ቁርጠኝነት በአምስት ጣቴ ውስጥ አደረግሁት። ማንጎው የበሰለ ነበር። ፈነዳ። የጫልቱን ነጭ ጋውን ከአንገትጌው እስከ ኪሱ ቢጫ አደረገው፤ አንድ ቁራሽ መነጽሬ ላይ አረፈ፤ ጭማቂው በክርኔ ወደ ብብቴ ይወርድ ጀመር።

“እንዳይንቀሳቀሱ!” ብላ ጮኸች ጫልቱ።

አልተንቀሳቀስኩም። ዝንብ መጣ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ጭማቂው ጎኔን ኮረኮረኝ፤ ጥርሴን ነከስኩ። ከጠዋት ጀምሮ በትክክል የፈጸምኩት ትእዛዝ ይህ ብቻ ነው። ፍሬው መዳፌ ውስጥ ቀርቷልና እሱን ጨበጥ ለቀቅ ማድረጌን ቀጠልኩ።

ከረጢቱ ሲሞላ በአንድ ዓይኔ አየሁት። ጠቁሯል። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ እንዳለው ደማቅ ቀይ አይደለም፤ የጠና ቀይ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው። እንግዲህ ጎረቤቴ ማሩን በጫፍ ማንጎ ሊመልስ ብሎ ሊሞት ደረሰ፤ እኔ ይሄን ነው የምልክለት።

ሀዋም ታየው ነበር። “ሲስተር፣ ይሄ ደም ተመልሶ የመጣ ነው?”

“አዎ እናቴ።”

“ባዶ ነው?”

“ባዶ እንኳ አይደለም። አየሩንም ጨርሶ አላራገፈም፤ ቀለሙ ነው የሚያሳስተው። ደግሞ አባ ሃሩን የራሱ ሳንባ አለው። እዚያ ሲደርስ ራሱ ይሞላዋል።”

ሀዋ ራሷን ነቀነቀች። “እንግዲህ ሳህን ነው” አለች፤ ሌላ የሚያስረዳት ነገር አልፈለገችም።

እኔ ሁለት ዓይነት ቧንቧ በሦስት ገጽ አንብቤ ያጣሁት ነገር፣ ጫልቱ አስፋልትና ድንጋይ ንጣፍ ዘርግታ ያላሳየችኝ ነገር፣ ከበርጩማ ላይ በሦስት ቃል አለቀ። አንድም የተቃውሞ ሐሳብ አልመጣልኝም። መጀመሪያ ደም የፈሰሰኝ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን አልመጣልኝም።

ቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ጠዋት ተደረገ፤ ተሳካ። በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ስገባ ሃሩን እግሩ ተሰቅሎ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ዓይኑ ግን ያው የድሮው ዓይኑ ሆኖ ጠበቀኝ።

“ኡስታዝ፣ ሀዋ ሁሉንም ነገረችኝ። አሁን ውስጤ አንተ አለህ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲናገር እኔም ‘አይደለም’ እላለሁ ማለት ነው?”

“ጥቂት ነው የሰጠሁህ። አልፎ አልፎ ብቻ ትላለህ።”

“እሺ። ከየትኛው ሰጠኸኝ? ከሚሄደው ነው ከሚመጣው?”

ልዋሽ አሰብኩ። ጫልቱ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጋውኗ ኪስ አጠገብ ቢጫው ነጥብ አልለቀቀም።

“ከሚመጣው” አልኩ።

ሃሩን ሳቀ፤ እግሩ የተሰቀለበት ብረት እስኪንኳኳ ሳቀ፤ ስላመመው “ወይኔ” እያለ ሳቀ። “ወላሂ ተገላገልን!” አለ። “እኔ እኮ ያቺን ዛፍ እፈራታለሁ። አሥር ዓመት ሆነኝ ስፈራት።”

ሃሩን ቤቱ ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ በክራንች ይሄዳል። ወንድሞቹ የጎበጠውን ሳህን በመዶሻ ሊያቀኑት ሞክረው መሃሉን ጎድጓዳ አደረጉት፤ አሁን ይበልጥ ይይዛል። ከማሩ ወዲህ ተራው የእሱ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሀዋ በአጥሩ ላይ አሻግራ ሰጠችኝ። ሁለት ማንጎ ነው ያለበት፤ ሁለቱም ከመሬት የተለቀሙ ናቸው። አንዱ ጎኑ ተጨፍልቋል፤ አንዱን ወፍ ቀምሳዋለች።

ወፏ የቀመሰችውን መረጥኩ። ጣፋጭ ነበር። ትርንጎ ሳህኑን አጥባ “ምን ላድርግበት? ከማሩ የተረፈ አለ” አለችኝ። ማሩን ተይው፣ የትናንቱን ዳቦ አድርጊበት አልኳት።